አማቴን ያናገርሁበት የኮሶ ቀን

ባል ያገባሁት ንጉሡ ደብረ ታቦርን ከተማቸው ባደረጉበት ዘመን ነው። ከተማው ወታደርና በቅሎ ሞልቶት ስለነበር ሰው ጮክ ብሎ ካልተናገረ አይሰማም። እኔ የገባሁበት ቤት ግን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በጉና ተራራ በኩል ነበርና ዝምታው የገዳም ዝምታ ነው። ለዚህ ዝምታ እኔም የራሴን ድርሻ አዋጥቻለሁ። ከሠርጌ በፊት እናቴ ብዙ ነገር መክራኝ ነበር። ስለ ሊጥ፣ ስለ ጌሾ፣ ስለ ባል ጠባይ ያለችኝን ሁሉ ረስቼ አንዲቷን ብቻ አጥብቄ ያዝሁ፦ አማትሽ ፊት ድምፅሽ እንዳይሰማ።

የባሌን አባት አብዬ፣ እናቱን እምዬ እላቸው ነበር። እላቸው ነበር ስል በልቤ ነው። እምዬን በሹክሹክታ አናግራቸዋለሁ። አብዬ ሲገቡ ግን ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ወደ ጓዳ እሮጣለሁ። በዚህ ሁኔታ ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ። አንድ ቀን አብዬ ባሌን ለብቻው ጠርተው፣ ሚስትህ አፍ አላት ወይ ብለው ጠየቁት አሉ። ባሌ እንዳላት ማለላቸው።

አብዬ ወጣትነታቸውን የጨረሱት በአንድ መስፍን ቤት ነጋሪት ሲመቱ ነው። ነጋሪቶቹን በበቅሎ ግራና ቀኝ አስጭነው፣ ገበያ መሐል ቆመው እየደበደቡ አዋጅ ሲያስነግሩ ኖረዋል። ከዚያ የተረፋቸው ጥሩ በርኖስና መጥፎ ጆሮ ነው። ቀኙ ፈጽሞ አይሰማም። ግራው ሲፈልግ ይሰማል። እርሳቸው ግን ይህን ለማንም አላመኑም። ሰው ሲያናግራቸው ያልሰሙት እንደሆነ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ ጢማቸውን ይዘው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ቆየት ብለውም «እንዲያ ነው» ይላሉ። ስለዚህ የአገሩ ሰው ሁሉ አስተዋይ ሽማግሌ ናቸው ይላቸው ነበር። ባልና ሚስት የተጣሉ እንደሆነ እሳቸው ካልተጠሩ ዕርቅ አይቆምም። ሁለቱም ወገን የሆዱን ተናግሮ እሳቸው «እንዲያ ነው» ሲሉ፣ ሁለቱም የተፈረደለት መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል።

ከእምዬ ጋር ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። እምዬ ለፋሲካ ያደለቡትን ሙክት አብዬ በሆሳዕና ሰሞን ለአንድ ወዳጃቸው ሸልመው ሰደዱት። እምዬ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር ይላሉ። አብዬ አልነገረችኝም ይላሉ። ሁለቱም አልዋሹም። እምዬ የነገሯቸው በቀኛቸው በኩል ቆመው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኮራረፉ። የሽማግሌ ኩርፊያ ወግ አለው፤ መብል አይከለከልም፣ መኝታ አይለይም፣ ቃል ብቻ ይቋረጣል። መጀመሪያ ላይ ባሌ በመሐል ሆኖ ወሬ ያመላልስ ነበር። ፋሲካ እንዳለፈ እሱ ከንጉሡ ጦር ጋር ዘመቻ ሄደ። ቤቱ ውስጥ የቀረነው የማይሰሙ አባት፣ የማይናገሩ እናትና ከነጠላዋ በታች አፍ ይኑራት አይኑራት ያልታወቀች ምራት ሆንን።

የአብዬ የኮሶ ጊዜ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። በእኛ ዘመን ኮሶ መጠጣት ፊትን እንደ መታጠብ የታወቀ ነገር ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ሁሉ የሆዱን ትል ሊያስወጣ በየጊዜው የኮሶውን አበባ ወቅጦ፣ በውኃ በጥብጦ፣ ማለዳ በባዶ ሆዱ ይጠጣና ያን ቀን ከቤት አይወጣም። እንግዳ የመጣበት እንደሆነ ኮሶ ጠጥቷል ይባላል፤ እንግዳውም ነገሩ ገብቶት ይመለሳል። አንድ ዋንጫ ሆድ ያጸዳል። ከልክ ያለፈ እንደሆነ ግን የሚያጸዳው ቤቱን ነው፤ ሰው ይዞ ይሄዳል።

እምዬ በገበያ ቀን ለሴት ልጃቸው መልእክት ላኩ። የባሌ ታላቅ እህት ናት፤ እቴቴ እላታለሁ። ያገባችው ከጉና ሥር ነው፤ የዚያ አገር ኮሶ ደግሞ ብርቱ ነው ይባላል። እምዬ የላኩት እንዲህ ብለው ነበር፦ የአባትሽ የኮሶ ጊዜ ደርሷልና ጥሩ ኮሶ ላኪልኝ። ይህን የነገሩት ለአንዲት ሸክላ ሻጭ ነው። ሸክላ ሻጯ ሸክላዋ ሳይሸጥ ቢመሽባት ቃሉን ለአንድ ጨው ነጋዴ አስተላለፈች። ጨው ነጋዴው እቴቴ በር ሲደርስ መልእክቱ አድጎ ነበር። አባትሽ ኮሶ ጠጥቶ እንቢ ብሎታል፣ በጣም ብርቱውን ይዘሽ ቶሎ ነዪ ተባለች። በጣም የምትለዋንና ቶሎ የምትለዋን ከራሱ እንደጨመረ ነጋዴው በኋላ ሲናገር ሰምቼዋለሁ፤ አንድም አላፈረም። እንዲያ ካላልኳት በቀላሉ የምትነሣ ሴት አይደለችም አለ።

እምዬ በበኩላቸው መልስ ቢዘገይባቸው ጊዜ ከቤት የነበረውን ኮሶ ወቀጡ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በቀንድ ዋንጫ በጥብጠው፣ አብዬ ከተቀመጡበት መደብ ዳር አኖሩላቸው። ኩርፊያ ነውና ጠጡ አላሉም። አብዬም ኩርፊያ ነውና ምንድን ነው አላሉም። ሽታው ራሱ ይናገራል። እምዬ ኪዳን ሊያደርሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። እኔም እንስራዬን አዝዬ ወደ ምንጭ ወረድሁ።

እቴቴ በዚያ ሰዓት ደረሰች። ማታውን መንገድ ላይ ካለች ዘመዷ ዘንድ አድራ ነበር። አባቷ ብቻቸውን መደብ ላይ ተኮራምተው ብታገኛቸው ወሬው እውነት ነው አለች። እናቷን አልጠበቀችም፤ ኮሶ ፀሐይ ሳይሞቅ ነው የሚጠጣው። ያመጣችውን ብርቱ ኮሶ በቅል በጥብጣ፣ ይኸው የላኩብኝን አምጥቻለሁ፣ ይጠጡልኝ ብላ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። የቆመችው በየት በኩል እንደነበረ መናገር አያስፈልገኝም። አብዬም ጢማቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡና «እንዲያ ነው» ብለው ቅሉን ጨለጡት።

ከምንጭ ስመለስ እቴቴ ቅሉን ይዛ አየኋት። ለካ እምዬ ኮሶውን ለልጃቸው ትተውላት ኖሯል አልሁ በልቤ። ተሳሳምን፣ ተጨዋወትን። አብዬ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ጓሮ ወጥተው ሲመለሱ የኮሶ ቀን ነውና ማንም ልብ አላለም። ቀጥሎ ሲወጡ ግን አጥሩን ይዘው ነበር። ኋላ ደግሞ ወጥተው ሳይመለሱ ቀሩ። ሄደን ብናይ ከጌሾው ሥር ወድቀዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ላባቸው እንደ ውኃ ይወርዳል። ደግፈን አስገብተን መደቡ ላይ አስተኛናቸው። ያስታውካቸዋል፤ የሚወጣ ግን የለም። እቴቴ መሪጌታውን ልጥራ ብላ ሮጠች።

መሪጌታው የሰፈራችን መድኃኒት አዋቂ ናቸው። ብዙ ሰው አድነዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። አንድ ጠባይ ብቻ ነበረባቸው። የመድኃኒት ስም ጮክ ተብሎ ከተነገረ ኃይሉ ይሸሻል ብለው ስለሚያምኑ የሚናገሩት ሁሉ በጢማቸው ውስጥ ይቀራል። ግማሹ ግዕዝ ነው፣ ግማሹ ጉምጉምታ ነው። ሰው መድኃኒቱን ተቀብሎ ይወጣና ይቀባ ይጠጣ እንደሆነ ደጅ ላይ ከሚስቱ ጋር ይከራከራል። ተመልሶ መጠየቅ ነውር ነው።

እቴቴ በመንገድ ላይ፣ ማለዳ ኮሶ ጠጥተዋል ብላ ነገረቻቸው። ሲገቡ እምዬም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ደረታቸውን ይዘው ቆመዋል። ቤት ውስጥ ቃል የከለከሉት እምዬ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከሴቶቹ ጋር ወሬ ጀምረው ነበር የዘገዩት። መሪጌታው ወደ እምዬ ዞር ብለው፣ ማለዳ ጠጥተዋል አይደል አሉ። አዎ፣ ማለዳ ጠጥተዋል አሉ እምዬ። አንድ? አሉ መሪጌታው። አንድ፣ አሉ እምዬ። አንድ፣ አለች እቴቴም። እኔም ቢጠይቁኝ አንድ ባልሁ ነበር። ሁሉም በአንድ ቃል ተስማማ። በዚያ ቤት ያን ያህል ስምምነት ከገባሁ ጀምሮ አይቼ አላውቅም።

መሪጌታው የአብዬን ሆድ ዳሰሱ፣ ዓይናቸውን ገልጠው አዩ፣ ከዚያም ይጎመጉሙ ጀመር። ከጉምጉምታው የያዝሁት ትሉ ወደ ላይ ሸሽቷል፣ መድኃኒቱ አልደረሰበትም የሚለውን ነው። ከከረጢታቸው አንድ ዱቄት አውጥተው ውኃ አምጡ አሉ። ኮሶ መሆኑን ከሽታው ለየሁት። ሌላ ሊጨምሩላቸው ነው።

መበጥበጫ ዕቃ ላቀርብ ወደ መደቡ ጎንበስ ስል የቀንዱ ዋንጫ ከሥሩ ተጋድሞ አገኘሁት። አነሣሁት። ግርጌው ላይ ቀላ ያለ አተላ አለ፤ ገና እርጥብ ነው። ቅሉም ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል፤ እሱም እርጥብ ነው። ዋንጫውን አየሁ፣ ቅሉን አየሁ። እምዬ ስለ የትኛው ነው አንድ ያሉት? እቴቴስ? ለእቴቴ በሹክሹክታ ይህ ዋንጫ የማን ነው ብላት የትናንት ይሆናል አለችኝ። እምዬ ማርያምን እየጠሩ ስለሆነ አልሰሙኝም። መሪጌታው እቴቴ ባቀረበችላቸው ዕቃ ዱቄቱን እያማሰሉ ነው። በዚያ ቤት የተጠያየቅነው እኛው ለእኛው ነበር፤ የጠጡትን ሰውዬ የጠየቀ አልነበረም።

እንዴት እንዳደረግሁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ነጠላዬን ከአፌ ላይ አወረድሁ፣ በአብዬ በግራ በኩል ተንበረከክሁ፣ አፌን ወደ ጆሯቸው አስጠግቼ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፦

«አብዬ! ኮሶ ስንት ጠጡ?» አልሁ።

ጎረቤት ሰምቶ ወጣ። እምዬ ጸሎታቸውን አቋረጡ። አብዬ ዓይናቸውን ገልጠው ትክ ብለው አዩኝ፤ ከሕመማቸው ይልቅ የእኔ አፍ መኖሩ ያስደነገጣቸው ይመስለኛል። ከዚያ ቀስ ብለው እጃቸውን አነሡና ሁለት ጣት አሳዩ።

«አንዱን እሷ አስቀመጠችልኝ፤ አንዱን ልጄ አመጣችልኝ» አሉ በደከመ ድምፅ። «መክራችሁ ያደረጋችሁት መስሎኝ ነው።»

«ይህንንስ የመሪጌታን ሊጠጡት ነበር?» አሉ እምዬ። ከሙክቱ ወዲህ ለባላቸው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ከሰጣችሁኝ ምን አደርጋለሁ» አሉ አብዬ።

መሪጌታው ማማሰላቸውን አቆሙ። ዕቃውን አዩ፣ አብዬን አዩ፣ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ነበር አሉ፤ ይህችኛዋን ጥርት አድርገው ነው የተናገሯት። ከዚያ ራሳቸው ተነሥተው የበጠበጡትን ወስደው ከአጥር ውጭ ደፉት። ውለታቸውን አልረሳም፤ ሌላ አዋቂ ቢሆን ኖሮ ክብሬ ተነካ ብሎ ያንኑ ያጠጣቸው ነበር። እሳቸው ግን በርኖሳቸውን አውልቀው ተቀመጡና ሥራ ጀመሩ። ቀጠን ያለ የገብስ አጥሚት ማር ጨምሩበት፣ ጨውም ጣል አድርጉበት አሉ። በአንድ ጊዜ እንዳታጠጡ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው፣ ቢያስታውካቸውም ደግማችሁ ስጡ አሉ። እግራቸውን በሞቀ ጨርቅ ጠቅልሉ አሉ። ይህን ሁሉ ጮክ ብለው ተናገሩ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ ምን አልሁ? አሉኝ። ደግሜ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ቀን መድኃኒቱ ከመጮሁ የተነሣ ኃይሉ ሲሸሽ አላየንም።

አብዬ ከሰዓት በኋላም እንዲሁ ሲዋልሉ ዋሉ። አንድ ጊዜ እጃቸው ቀዝቅዞ እምዬ ንስሐ አባታቸውን አስጠርተው ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን አጥሚቱ ሆዳቸው ውስጥ ተቀመጠ። እምዬ በገዛ እጃቸው ሲያጠጧቸው፣ ጨው በዛ አሉ አብዬ። አልበዛም አሉ እምዬ። በዛ፣ አልበዛም፣ በዛ፣ አልበዛም ሲባባሉ ሰምተን እኔና እቴቴ ጓዳ ገብተን ተቃቅፈን አለቀስን። ኩርፊያው ማለቁን ያወቅነው በዚህ ነው።

አብዬ ሲያገግሙ እምዬ ሥርዓት አወጡ። ኮሶ የጠጣ ሰው ዋንጫውን መደቡ ጠርዝ ላይ ይደፋዋል፤ የተደፋ ዋንጫ ያየ ሁሉ ምንም እንዳይሰጠው። ሥርዓቱ ጥሩ ነበር፤ ሁላችንም አመሰገንን። ጥቂት ሰንብቶ የአብዬ የአክስት ልጅ ከአንበሳሜ መጣ። በጣም ጨዋ ሰው ነው። የተቀዳለትን ጠላ ጠጥቶ፣ በአገሩ ልማድ በቃኝ ለማለት ይሁን ዝንብ እንዳይገባበት ብሎ አላውቅም፣ ዋንጫውን መደቡ ጠርዝ ላይ ደፋው። እምዬ ከወፍጮው ተነሥተው ሲመጡ አዩት። ምስኪን፣ በመንገድ ኮሶ ጠጥቶ ኖሯል አሉና ምሳ እንዳይቀርብለት አዘዙ። ሰውዬው ተቀምጦ ይጠብቃል። እኛ በአዘኔታ እናየዋለን። እምዬ እየደጋገሙ ጓሮው በዚህ በኩል ነው ይሉታል፤ እሱም ለጨዋነቱ እየወጣ ጓሮውን አይቶ፣ ጥሩ ጎመን ነው እያለ ይመለሳል። የወጡ ሽታ ከጓዳ ሲመጣ ግን ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

አሁንም ነጠላዬን አወረድሁ። «ጋሼ፣ ኮሶ ጠጥተዋል እንዴ?» አልሁት።

«ኧረ እኔስ የበላሁትም የጠጣሁትም የለ» አለ ሰውዬው፤ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

እምዬ እንዴት እንደካሱት መናገር ይከብደኛል። ለእሱ ሲባል ዶሮ ታረደ፤ ሁለት ሰው የሚበላውን በላ፤ ዋንጫ ግን ሁለተኛ አልደፋም። የዋንጫው ሥርዓት ከዚያ ቀን ወዲያ ቀረ። በምትኩ መጠየቅ ለመደብን። ምን ጠጣህ፣ ማን ሰጠህ፣ መቼ፣ ይባላል። አብዬም ቢሆኑ ያልሰሙት እንደሆነ «እንዲያ ነው» ማለታቸውን ለሽምግልና ብቻ አስቀሩት። ለቤት ውስጥ «በዚህ በኩል ንገሪኝ» ማለት ተማሩ። ይህን ማለት ከኮሶው ይልቅ መሯቸው ነበር።

ባሌ ከዘመቻ የተመለሰው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በረቱን አልፎ ደጅ ሲደርስ እኔ ከጓዳ ሆኜ አብዬን በከፍተኛ ድምፅ እየተከራከርኳቸው ነበር፤ የወይፈኑ ቀንድ ይቆረጥ አይቆረጥ ነው ነገሩ። ባሌ ጋሻውን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ራት ተበልቶ ሲያበቃ ወደ ውጭ ወሰደኝና፣ ምን አድርገውሽ ነው፣ ተጣላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርሁት። ስለ ጨው ነጋዴው ስነግረው ሳቀ፣ ስለ ሁለቱ ጣት ስነግረው አጥሩን ይዞ ሳቀ። ሲበቃው ዓይኑን ጠረገ።

«ይሞት ነበር ማለት ነው አባቴ?» አለኝ።

«ሦስተኛውን ቢጠጡት» አልሁት።

ገብቶ ከአባቱ አጠገብ፣ በግራቸው በኩል ተቀመጠ። አብዬ ስለ ዘመቻው ጠየቁት፤ እሱም ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ ምንም ሳያስቀር ነገራቸው።